በስቴት እጅ የተቀመጠ ገንዘባችሁ፦ እትዬ ደብተር ይመልሳሉ

እትዬ ደብተር፦ አሜሪካ ላላችሁ ነው። ያልመነዘራችሁት የመጨረሻ ደሞዝ ቼክ፣ የመብራት ዲፖዚት፣ የተረሳ የባንክ ሂሳብ፣ ባለቤቱ ሲጠፋ ለስቴቱ ይተላለፋል። ደሞዝ በብዙ ስቴት ከ1 ዓመት በኋላ ይሄዳል፤ የባንክ ሂሳብ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። የሠራተኛ ደሞዝ ስሠራ የኖርኩ ነኝ፣ ጠይቁ። በስቴቱ ድረ ገጽ መፈለጉም መጠየቁም ነጻ ነው። አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል ሌባ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ እትዬ፣ በስሜ ፈልጌ ምንም አጣሁ።

እትዬ ደብተር፦ በየትኛው አጻጻፍ? ስማችንን የሚመዘግበው ፈረንጅ ነው። ኃይለማርያምን አንዱ ገጥሞ ይጽፈዋል፣ ሌላው ለሁለት ይቆርጠዋል። ሲቆረጥ «ኃይለ» መካከለኛ ስም ይሆንና የቤተሰብ ስምህ «ማርያም» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፀጋዬ በ«ቲ ኤስ»ም በ«ኤስ» ብቻም ይጀምራል። ሁሉንም ሞክር። የአንተንና የአባትህን ስም አገላብጠህም ፈልግ።

ደግሞስ የት ፈለግህ? ገንዘቡ ያለው አሁን የምትኖርበት ስቴት ላይሆን ይችላል። የሚሄደው ድርጅቱ መዝገብ ላይ ወዳለው የመጨረሻ አድራሻህ ስቴት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 በቴክሳስና በኒው ጀርሲ ክርክር እንዲያ ወስኗል። አድራሻ ከሌለ ድርጅቱ ወደተቋቋመበት ስቴት ይሄዳል። ብዙ ትልልቅ ኩባንያ ደግሞ የተቋቋመው ዴላዌር ነው። ድሮ ሚኒሶታ ከነበርክ ሚኒሶታን እይ፣ ዴላዌርንም አትርሳ።

ሚሚ፦ «2 ሺህ ዶላር አለሽ፣ ሊንኩን ተጫኚ» የሚል ቴክስት መጣልኝ።

እትዬ ደብተር፦ አትጫኚ። የስቴቱን ገጽ ራስሽ ከፍተሽ ፈልጊ። ክፈይ ካሉሽ ሌቦች ናቸው፣ አልኩ።

የዳላሱ፦ ገንዘቡን ፈልገው ድርሻ የሚወስዱ ሕጋዊ ፈላጊዎችም አሉ እኮ። እዚህ ቴክሳስ ከ10 በመቶ በላይ መውሰድ አይችሉም።

ሚሚ፦ ስም ጽፎ ለመፈለግ 10 በመቶ?

የዳላሱ፦ አባቴ ኮምፒውተር አይነካም።

ሚሚ፦ አንተ ምን ትሠራለህ ታዲያ?

የዳላሱ፦ በሳምንት 70 ሰዓት እነዳለሁ። ነይ አንቺ ሥሪለት!

እትዬ ደብተር፦ ተዉ እንጂ ልጆች። አባትህን እሁድ አጠገብህ አስቀምጠህ ፈልግለት።

ሹፌሩ፦ የድሮ ጃኬት ኪስ ውስጥ ለኪራይ የገዛሁትን መኒ ኦርደር አገኘሁ።

እትዬ ደብተር፦ መጀመሪያ ላወጣው ድርጅት ደውል። ስቴት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ዓመት በኋላ ነው፤ የሚሄደውም ወደተገዛበት ስቴት ነው። የገዢ ስም ብዙ ጊዜ ስለማይመዘገብ ማስረጃህ ቁጥሩ ነው፣ እንዳትጥለው። የፖስታ ቤት መኒ ኦርደር ከሆነ ግን ጊዜ አያልፍበትም፤ ፖስታ ቤት ውሰደው።

ሰላም፦ ሟች አባቴ ስም ላይ ገንዘብ አለ። «የቤተሰብ ስማችሁ አይመሳሰልም» አሉኝ።

እትዬ ደብተር፦ ይሄ የእኛ ሰው ሁሉ ችግር ነው። ያንቺ የቤተሰብ ስም የአባትሽ የመጀመሪያ ስም ነው፤ የሱ ደግሞ የአያትሽ። ጸሐፊው ባዕድ ነሽ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የአባትሽ ስም ያለበትን የልደት ሰርተፊኬትሽን፣ የሞት ሰርተፊኬቱንና የድሮ አድራሻው ያለበትን ወረቀት አያይዢ። የአገር ቤት ወረቀት ከነትርጉሙ ይሁን። ስማችን እንዴት እንደሚወርድ በአጭር ደብዳቤ አስረጂ። እናትሽ ከሆነች የምትጠይቀው፣ እሷም የራሷን አባት ስም ስለምትይዝ የጋብቻ ወረቀቷ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ የውርስ ወረቀት ከፍርድ ቤት ይጠይቁሻል።

ቤቲ፦ ታክስ አለው?

እትዬ ደብተር፦ እንደ ገንዘቡ ዓይነት ነው። ታክስ ሠራተኛሽን ጠይቂ።

አዲስ ገቢ፦ እትዬ፣ እኔስ አለኝ? ሶሻሌን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን) ልላክልዎት?

እትዬ ደብተር፦ ኧረ በማርያም! ሶሻልህን ለእኔም ለማንም እንዳትልክ። ከላይ ያልኩትን አንብብና ራስህ ፈልግ።

የአሌክሳንድሪያው፦ እትዬ፣ ሚኒሶታ 84 ዶላር ተገኘ! ስሜና የአባቴ ስም ተገላብጦ ነው። መቼ ይደርሰኛል?

እትዬ ደብተር፦ ደግ። እንደየስቴቱ ነው፤ ካሊፎርኒያ እንኳ ሕጉ እስከ 180 ቀን ይሰጠዋል። አድራሻ ከቀየርክ ንገራቸው፣ አለበለዚያ ቼኩ ተመልሶ እዚያው ይገባል።