ደወሉ ይቅርብን

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ እንግሊዝ ገጠር የመኳንንት ማድ ቤቶች ናቸው። ፎቶ ያየ ሁሉ ቤቱን እንደዚያ ማድረግ አምሮታል። አራቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የድሮ ማድ ቤቶች ግድግዳ ሰማያዊ የሚበዛው ለምንድነው? እኔም ልቀባው?

መልስ፦ ሰማያዊ ዝንብ ያባርራል ይሉ ነበር። ዝንቡን እንኳ አልምልልሽም። የመዳብ ዕቃ ካለሽ ግን ጉድ ነው የሚያደምቀው፣ ቀቢው።

ጥያቄ፦ አሮጌ የመዳብ ድስት ገዛሁ። የውስጡ ነጭ ሽፋን ተልጦ ቀዩ ይታያል። ወጥ ልሥራበት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ነጩ ሽፋን ቲን የሚባል ብረት ነው። እሱ ከለቀቀ ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ምግብ መዳቡን እያሟሟ ወጥሽ ውስጥ ይጨምረዋል። የሚለብጥ ባለሙያ ካገኘሽ አስለብጪው፣ ካጣሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው። ደቡብ እንግሊዝ ያለው ፔትወርዝ የሚባል የመኳንንት ቤት ከ1000 በላይ የመዳብ ዕቃ አለው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚፈትጉት የማድ ቤት ልጃገረዶች ነበሩ፤ አሸዋ፣ ጨው፣ ኮምጣጤና ዱቄት ለውሰው፣ በባዶ እጃቸው። በተሰነጠቀ ጣት ጨውና ኮምጣጤ ስትነኪ እንዴት እንደሚለበልብ አስቢው።

ጥያቄ፦ ግድግዳውን አፍርሼ ማድ ቤቱንና ሳሎኑን አንድ ላድርገው? ባለቤቴ እንቢ አለች።

መልስ፦ ባለቤትህ ልክ ናት። ፔትወርዝ እኮ ማድ ቤቱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ምግቡ ከመሬት በታች ባለ መተላለፊያ ነበር የሚመጣው። ሽታውንም እሳቱንም ፈርተው ነው። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ያለው ላንሃይድሮክ የሚባል ሌላ የመኳንንት ቤት በ1881 እ.ኤ.አ. የነደደው ከማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ በተነሳ እሳት ነው። የኛም ሰው ማድ ቤቱን ጓሮ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቁሌት አንዴ ሶፋ ውስጥ ከገባ በምን ይወጣል? ይልቅ ጓዳቸውን ቅዳ። ፀሐይ በማይደርስበት በሰሜን በኩል ይሠሩትና የእብነ በረድ መደርደሪያ ያደርጉለታል፣ ቅቤው አይቀልጥም።

ጥያቄ፦ የሠራተኛ መጥሪያ ደወሎች ኮሪደር ላይ በተርታ ብሰቅልስ?

መልስ፦ ያምራሉ፣ አልክድም። ከየክፍሉ ሽቦ እየተሳበ ይመጣና የዚያ ክፍል ደወል ይጮሃል። እኔ ግን ሰው ሲታዘዝበት የኖረ ነገር ጌጥ ሲሆን ደስ አይለኝም። ዌልስ ያለው ኤርዲግ የሚባል የመኳንንት ቤት የተሻለ ሐሳብ አለው፤ ጌቶቹ የሠራተኞቻቸውን ሥዕል አሠርተው ከነግጥሙ ሰቅለዋል። አናጢውም፣ የሸረሪት ድር ጠራጊዋም አሉበት። እኔ ኮሪደሬ ላይ የሰቀልኩት ያሳደገችኝን ሞግዚቴን ፎቶ ነው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ምጣዱ አጠገብ ቆማ።