ስለ ውሃ ብክለት ለሰፈር ሰው እንዴት እንናገር? ጠይቁኝ (ጅማ)

ሰላም ጅማዎች፣ ሙያዬ የአካባቢ ጤና ነው። ስለ አወይቱ ወንዝም፣ ስለ ቡና ማጠቢያ ፍሳሹም፣ በተለይ ደግሞ ይሄን ነገር ለሰው እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ አለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። ከእሸት ቡና ማጠቢያው በታች ላሉት "ውሃው ተበክሏል" ስላቸው "እና ምን እንጠጣ?" ይሉኛል።

መልስ፦ እውነታቸውን እኮ ነው እህቴ! ከመሄድሽ በፊት የቱ ምንጭ እንደሚሻል፣ ከብቱ የት እንደሚጠጣ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አጣርተሽ ያዢ፣ ካልሆነ አስፈራርተሽ መመለስ ነው የሚሆነው። ደግሞ በአይናቸው ካዩት ነገር ጀምሪ። የቀይ ቡናው ገለፈትና ልጋጉ ስኳር አለው፣ ወንዝ ገብቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል ውሃውም ይኮመጥጣል፣ ለዛ ነው በለቀማ ሰሞን የሚጠቁረውና የሚገማው። ሽታውን ካንቺ በላይ ያውቁታል። "ማጠቢያው እስኪዘጋ ከታች አትቅዱ፣ ከዛም በኋላ ቢሆን ሳታክሙ አትጠጡ" በያቸው፣ "ወንዙ መርዝ ነው" ከማለት ይሄ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ "አፍልቼው ነው የምጠጣው ምን ይሆናል" ትላለች።

መልስ፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ውሃ አጋርም እንደዛው። ናይትሬት የሚባለው ኬሚካልና ሊድ የሚባለው ብረት ግን በማፍላት አይሄዱም፣ እንደውም ውሃው ሲተን ይበረታሉ። የአለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ በጣም የሚጎዳው በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላዎችን ነው። ብቻ አደራ፣ "ማፍላት ዋጋ የለውም" እንዳትላት፣ በነጋታው ትተወውና ተቅማጥ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ የጉድጓድ ውሃ መርምሬ ውጤቱ እጄ ላይ ነው፣ ስብሰባ ላይ ላንብበው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጉድጓዱ ላለው ሰው ቤቱ ሄደህ ንገረው፣ የጓሮው ጉድ በአደባባይ ሲነበብ እንዳይሰማ። ስብሰባው ላይ ቁጥሩን ከገደቡ ጋር አስተያይተህ በአፋን ኦሮሞ ተናገር፣ የአማርኛ ስላይድ ለገጠሩ አይሆንም። "ላሜ የሞተችው በዚህ ነው?" ካሉህ ደግሞ ካልመረመርከው አልመረመርኩም በል። እዚህ አገር ሰውን የሚያስቀይመው ለምርመራ ብሎ ውሃ በሃይላንድ ቀድቶ ሄዶ የጠፋው ነው፣ አንተ ግን ውጤቱን ይዘህ ተመለስ በቃ።

ጥያቄ፦ ተሰብሳቢው ቢጮህስ?

መልስ፦ ይጩህ! ፒተር ሳንድማን የሚባል አሜሪካዊ የሪስክ ኮሚኒኬሽን (ስለ አደጋ ለሰው እንዴት እንደሚነገር) ባለሙያ "ሪስክ ማለት አደጋው ሲደመር የሰው ቁጣ ነው" ብሏል። ቁጣውን ሳትሰማ ላብራቶሪ ብታወራ ማን ያዳምጥሃል። ስማ፣ ጻፍ፣ ከዛ መልስ።

ጥያቄ፦ ማጠቢያው ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሰፈሩ ሊያዘጋን ነው።

መልስ፦ ገለፈቱን ኮምፖስት አድርጉት፣ ማጠቢያ ውሃውን ደጋግማችሁ ተጠቀሙ፣ የቀረውን ወደ ማጣሪያ ጉድጓድ ልቀቁ እንጂ ወንዝ አታስገቡ። ከዛ ሰፈሩን ጠርታችሁ አሳዩ።

ጥያቄ፦ ካልሰሙንስ ለማን እንክሰስ?

መልስ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አለላችሁ። እኔን በቀጥታ ጎድቶኛል ብለህ ማስረዳት አይጠበቅብህም፣ ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃው መስሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ካልወሰኑ ወይ ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻው ላይ ማህተም አስመትተህ ኮፒውን ያዝ።

ጥያቄ፦ ስብሰባ መቼ ብንጠራ ይሻላል?

መልስ፦ በገበያ ቀን አይሆንም። ወንዶቹን አርብ ከጁምአ በኋላ፣ ሴቶቹን ቡና ሲጠጡ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ ቡናው ላይ ሂዱ።