መልስ፦ «ዳግኒ» የሚለው ስም ትርጉም

«አዲስ ቀን» ማለት ነው። ባለቤትሽ ለልጃችሁ የመረጠው ስም ከጥንቱ የኖርዲክ ቋንቋ የመጣ ነው። «ዳግ» ቀን፣ «ኒ» አዲስ። የሴት ስም ነው።

ስዊድን ውስጥ ብርቅ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ አሁን ሕፃናት ላይ እምብዛም አይሰማም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን በስዊድንም በኖርዌይም የተለመደ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው የአሮጊት ስም ሊመስለው ይችላል። ቁጥሩን ከፈለግሽ የስዊድን ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የስም መፈለጊያ አለ።

ደስ የሚለው ደግሞ፣ በስዊድን ካላንደር የዳግኒ የስም ቀን (ያ ስም ያላቸው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ የሚባሉበት ቀን) ሴፕቴምበር 11 ነው። የኛው እንቁጣጣሽ! ጳጉሜ 6 ስትሆን ብቻ በአንድ ቀን ይለያያሉ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ስዊድኖች «ዳንግኒ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ የመጨረሻዋን «ኒ» ከንፈራቸውን አሹለው ያወጧታል። የእህቴ ልጅ ስሟ ይኸው ነው። እናቴ አልያዝላት ብሎ «ዳኜ» ስትላት ጎረቤቱ ሁሉ ወንድ የተወለደ መስሎት ከርሟል። አያቶቿ የሚጠሯትን የቤት ስም ከአሁኑ አስቡበት።