ፊልም እንዴት እንደተሠራ የሚያሳዩ ዶክመንተሪዎች፦ የእኔ ምርጫ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ አጭር ፊልም ከመቅረጻችን በፊት የትኛውን የፊልም አሠራር ዶክመንተሪ እንይ ብለሃል። እኔን ከጠየቅከኝ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሎስት ኢን ላ ማንቻ»ን አስቀድሙ። ዳይሬክተሩ ቴሪ ጊሊያም ከታወቀው የስፔን ልብ ወለድ ከ«ዶን ኪሆቴ» የተነሳ ፊልም ሊሠራ ስፔን ይሄዳል። ገና በመጀመሪያው ቀን የጦር ጄቶች ከላይ እያጓሩ ድምፁን ያበላሹበታል። በማግስቱ ዶፍ ወርዶ ዕቃውን ጎርፍ ይወስደዋል። የባሰው ግን ውሃው የመሬቱን መልክ መቀየሩ ነው፤ የትናንቱ ቀረጻ ከዛሬው ጋር አልገጥም አለ። ጣርማ በር ላይ ካሜራ የደቀነ ሰው ይሄ ይገባዋል። ፀሐይ ላይ የጀመርከውን ንግግር ጉም ውስጥ ትጨርሰዋለህ! በመጨረሻ ዋናው ተዋናይ ወገቡን ታመመና ሥራው ቆመ።

ከዚያ «ሃርትስ ኦፍ ዳርክነስ»ን (1991) እዩ። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ባለቤቱ ኤሊኖር ፊሊፒንስ ላይ በቀረጸችው ምስል የተሠራ ነው። አውሎ ነፋስ ለቀረጻ የተሠሩትን ቤቶች ሲያፈርስ ታያላችሁ። «በርደን ኦፍ ድሪምስ»ም አለ፤ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ሄርዞግ ለፊልሙ ሲል ፔሩ ጫካ ውስጥ የእውነት መርከብ ኮረብታ ላይ ሲያስጎትት የሚያሳይ። እብደት ነው፣ ግን ይጣፍጣል።

በነገራችን ላይ፣ ለማይካችሁ ነፋስ የሚከላከል ፀጉራም ሽፋን ያዙ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ቀልድ አያውቅም።