በትልቅነት ኦንላይን ለምትማሩ፦ ጠይቁኝ

የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ፣ ሁለት ልጅ እያሳደግኩ ዲግሪዬን ኦንላይን በስድስት ዓመት ጨርሻለሁ። ስለ አጠናንና ስለ ጊዜ ጠይቁኝ። መጀመሪያ ግን ሲለበሱን (የኮርሱን ዕቅድና ደንብ የያዘውን ወረቀት) አንብቡ።

ጥያቄ (ሹፌር፣ ቨርጂኒያ)፦ እህቴ፣ 47 ዓመቴ ነው። አነባለሁ፣ ግን አንድም አይቀርልኝም። ዕድሜ ይሆን?

መልስ፦ ዕድሜ አይደለም ወንድሜ፣ አጠናኑ ነው። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። አንድ ገጽ አንብብና ዝጋው። ያስታወስከውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ በአማርኛም ቢሆን። ከዚያ ገልጠህ የጎደለውን ሙላ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ይህን ሞክረውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። እኔ አናቶሚን ያለፍኩት በእረፍት ሰዓቴ፣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የአጥንት ስም እየጻፍኩ ነው። አንተም ተሳፋሪ ስትጠብቅ ሞክረው።

ጥያቄ፦ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?

መልስ፦ ምን ለመማር? በስንት ብር? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። አክሬዲትድ (እውቅና ያለው) መሆኑን የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዝርዝር ላይ እይ።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ነው። «እሁድ ማታ 11:59» ይላል። ለኔ መቼ ነው?

መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ጥሏል። የዋሽንግተን ሰዓት ከሆነ፣ በበጋቸው (ከማርች እስከ ኖቬምበር) ሰኞ ጠዋት በኛ 12:59 ነው። በክረምታቸው 1:59። በማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ፣ መዝጊያው በኛ ከ1:59 ወደ 12:59 ይመጣል። እኔ ያን ሰሞን ለለቅሶ አዲስ አበባ ነበርኩ። 1:20 ላይ ፋይሉን ልጭን ስል ተዘግቷል። የአምስት ቀን ሥራዬ ዜሮ ሆነ። ቅዳሜ ላኩ! የማን ሰዓት እንደሆነ ሲለበሱ ላይ አለ።

አባል፦ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ማጥናት ነው እንጂ።

ሌላ አባል፦ በማን 10 ሰዓት?

አባል፦ በኛ ነዋ! እናቴ ለጸሎት የምትነሳበት።

ሌላ አባል፦ እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ለሁሉም አይሆንም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ሰዓቱ ሳይሆን በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚጠቅመው።

ጥያቄ፦ በግሪን ካርድ ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። የዕድሜ ገደብም የለውም። ሌላውን የትምህርት ቤትሽን የፋይናንሻል ኤድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ጠይቂ።

ጥያቄ (ዱባይ)፦ እሁድ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ ከላይ መለስኩት እኮ! አንድ ሰዓት ጨምርበት። ሲለበሱን አንብቡ።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ። ሦስት ሳምንት አልገባሁም። አፍሬ ለመምህሩም አልጻፍኩም።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ዝም ብለሽ እንዳትጠፊ፣ ኤፍ የሚመጣው በዚያ ነው። ዛሬውኑ ጻፊለት። የማቋረጫው ቀን ካላለፈ ኮርሱን ብታቋርጪ ደብልዩ (W፣ ማቋረጥን የሚያሳይ ምልክት) ይሆንልሻል፣ ደብልዩ አማካይ ውጤትሽን አይነካም። የገንዘብ እርዳታ የምትወስጂ ከሆነ ግን ከማቋረጥሽ በፊት የፋይናንሻል ኤድ ቢሮውን አነጋግሪ። ደብዳቤውን በአማርኛ ላኪልኝ፣ እንግሊዝኛውን ማታ አብረን እንጽፈዋለን።