ፕሮላክቲኑ ከፍ ብሎ ምክንያቱ ላልታወቀለት ሰው፦ ጥያቄና መልስ

በደሴ ከተማ በፋርማሲ ሙያ የምሠራ፣ ፕሮላክቲኔም (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን) ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ሴት ነኝ። የምመልሰው ሐኪም ዘንድ በምን ተዘጋጅታችሁ እንደምትቀርቡ ለማሳየት እንጂ ሐኪሙን ለመተካት አይደለም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ልጅ ሳላጠባ ከጡቴ ወተት ይወጣል፤ የወር አበባዬም ቀርቷል። ፕሮላክቲን 68 ስለተገኘብኝ ለጭንቅላት ኤምአርአይ አዲስ አበባ ሂጂ ተብያለሁ። ዕጢ ይሆን? ወጪውም ከብዶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከጉዞው በፊት በአነስተኛ ወጪ መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ፕሮላክቲን የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለችው፣ ፒቱታሪ ከተባለች ትንሽ ሆርሞን አመንጪ ክፍል ሲሆን፣ ዘወትር ገትቶ የሚይዘው ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ነው፤ ስለዚህ ዶፓሚንን የሚያዳክም መድኃኒት ፕሮላክቲንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላዚል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሜቲልዶፓ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው «መድኃኒት አልወስድም» ይላል፤ ለጨጓራው ወይም ለማስመለሱ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ግን አይቆጥረውም። ስለዚህ ባዶ ካርቶኖቹን ሳይቀር በፌስታል ይዘው ይቅረቡ።

የእርግዝና ምርመራ አይለፍ። እንቅርት ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለምና የታይሮይድ (በአንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ ክፍል) ምርመራም ያስፈልጋል፤ ታይሮይድ ሲደክም አንጎል እርሱን ለመቀስቀስ የሚልከው መልእክት ፕሮላክቲንንም አብሮ ያነሣል። የኩላሊት ድካምም እንዲሁ ያደርጋል። ደሙ ሲደገም ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይሁን፤ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተጣድፈው ከወጡም ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ይረፉ፣ ጭንቀትና ድካም ቁጥሩን ያዛባሉና። ፈሳሹ ቆሞ እንደሆነ ለማየት ጡትዎን ደጋግመው አይጭመቁ፤ ይህም ራሱ ሆርሞኑን ይቀሰቅሳል።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ቁጥሩ ካልወረደ ኤምአርአዩን አያዘግዩ። ዕጢ ቢገኝ እንኳ እነዚህ ዕጢዎች በአብዛኛው ካንሰር አይደሉም፤ ብዙዎቹም ያለ ቀዶ ሕክምና ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን በተባሉ መድኃኒቶች ይሟሽሻሉ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፕሮላክቲኔ መጀመሪያ 52 ነበር፤ ሌላ ላቦራቶሪ 1,100 አለኝ። እንዲህ የባሰብኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ አልባሰብዎትም። የመጀመሪያው በናኖግራም፣ ሁለተኛው በሚሊ ዩኒት ሳይለካ አይቀርም። አንዱ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወደ 21 ሚሊ ዩኒት በሊትር ስለሚመጣ ሁለቱ ተመሳሳይ ናቸው። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ሁልጊዜ ያንብቡ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ወንድሜ ለአእምሮ ሕመም ሪስፔሪዶን ይወስዳል፤ ፕሮላክቲኑም ከፍ ብሏል። መድኃኒቱን እናስቁመው?

መልስ፦ በፍጹም በራሳችሁ አታስቁሙት፤ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ሪስፔሪዶን ይህን እንደሚያደርግ በደንብ ይታወቃል። መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መለወጥ ያዘዘለት ሐኪም ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የፕሮላክቲን ከፍ ማለት ወንድንም ይይዛል?

መልስ፦ አዎ። የወሲብ ስሜት መቀነስና መካንነት ያስከትላል፤ ወንዶች በኀፍረት ስለሚዘገዩም ዕጢ ያለባቸው ብዙውን ጊዜ የሚደርሱት ዕጢው ከተለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ካበርጎሊን እየወሰድኩ ረመዷንን መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ በተለምዶ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ከምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ማቅለሽለሹንም ያቀልላል። ግፊት ስለሚያወርድ ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ይነሡ። የሚወስዱት ብሮሞክሪፕቲን ከሆነ ግን በየቀኑ ስለሚወሰድ ሰዓቱን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ ታይሮይዱም ኤምአርአዩም ደህና ነው፤ የወር አበባዬም አልተዛባም፤ ቁጥሩ ግን 60 ላይ ነው። ምክንያት ሳላውቅ እንዴት ልኑር?

መልስ፦ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ፤ ስም የሌለው ነገር ከስሙ ይልቅ ያስፈራል። በመጀመሪያ ማክሮፕሮላክቲን ሊለይ ይችል እንደሆነ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ፤ ሆርሞኑ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ በደም ውስጥ ሲቆይ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሰውነት ላይ ግን እምብዛም አይሠራም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ያ ካልሆነ በኤምአርአይ የማይታይ እጅግ ትንሽ ዕጢ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱም ምክንያቱ ሳይታወቅ በራሱ ይወርዳል። የወር አበባዎ እስካልቀረና ልጅ ለመውለድ እስካላስቸገረዎ ድረስ ያለ መድኃኒት በክትትል መቆየት ተገቢ ነው፤ የወር አበባው ለወራት ከቀረ ግን አጥንት ስለሚሳሳ ሕክምናው ይጀመር። የጎን እይታዎ ከጠበበ ወይም ያልለመዱት ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ ቀጠሮዎን አይጠብቁ።