ስሙ ቱርክ፣ ሰውየውስ? ስለ ባልካን ነገሥታት ለጠየቃችሁን

ባለፈው ስለ ባልካን (ደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ) ነገሥታት፣ አንዳንዶቹ የቱርክ ዘር አላቸው ይባላል ብዬ አንዲት አንቀጽ ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ቱርክ ስል የዛሬዋን አገር ብቻ ሳይሆን የቱርክ ቋንቋዎችን የሚናገሩትን ሕዝቦች ሁሉ ነው። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ በኋላ ተሳሳተ እንዳትሉኝ።

የቱርክ ድራማ ሱሰኛ ነኝ። ቡልጋሪያን የመሠረቱት ቱርኮች ናቸው ሲባል ሰማሁ። ኦቶማኖቹ ማለት ነው?

ኧረ በፍጹም! ኦቶማኖች ባልካን የገቡት ከ600 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። እዚህ የምናወራው ከጥቁር ባሕር ሰሜን ካለው የሣር ሜዳ በፈረስ ስለመጡት ቡልጋሮች ነው። ኩብራት የሚባል መሪ ነበራቸው። እሱ ሲሞት ካዛር የሚባሉ ሌሎች የሣር ሜዳ ሰዎች ገፏቸውና ልጁ አስፓሩህ ዳኑብን ተሻገረ፣ የቢዛንታይንን (የምሥራቅ ሮማን) ጦር አሸነፈ፣ በ681 ንጉሠ ነገሥቱ ግብር ልክፈል ብሎ ታረቀው። የቡልጋሪያ መንግሥት የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ቋንቋቸው ከቱርክ ቋንቋዎች ወገን ቢሆንም ከኢስታንቡሉ ቱርክኛ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ የቅርቡ ዘመድ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ በቮልጋ አካባቢ የሚነገረው ቹቫሽኛ ነው።

እኔ ከማስረጃዎቹ ሁሉ የምወደው የካኖቹን (የገዢዎቻቸውን) ስም ዝርዝር ነው። ጽሑፉ በስላቭ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ዓመቶቹ ግን በቡልጋርኛ፣ ያውም በእንስሳ ስም ተቀምጠዋል፦ የእባብ ዓመት፣ የበሬ ዓመት እያለ። ካን ኦሙርታግ ደግሞ በ9ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ራሱን በቡልጋርኛ ማዕረጉ "ቃና ሱቢጊ" ይላል (የቴሌቪዥን ጣቢያው አይደለም)። ታዲያ የት ገቡ ካላችሁ፣ በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ስላቮች በቁጥር ይበልጧቸው ነበርና ተዋጡ። ቦሪስ በ864 ገደማ ክርስትና ተነሣ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ስላቭኛ ሆነ፣ ከአሮጌው ቋንቋ የቀሩት ጥቂት ቃላት ናቸው።

ሁለተኛውን የቡልጋሪያ መንግሥት የመሠረቱት እነ አሰን ኩማን ናቸው ወይስ ቭላክ? ቤት ውስጥ ተጨቃጭቀን አልተስማማንም።

ፕሮፌሰሮቹም አልተስማሙም፣ አይዟችሁ። ኩማኖች የቱርክ ቋንቋ የሚናገሩ የሣር ሜዳ ፈረሰኞች ናቸው። ጴጥሮስና አሰን የሚባሉ ወንድማማቾች በ1185 ገደማ ታርኖቮ ላይ፣ ያኔ ቡልጋሪያን ይገዛ በነበረው በቢዛንታይን ላይ አመፁ። የዘመኑ ቢዛንታይናዊ ታሪክ ጸሐፊ ኒኬታስ ኮኒያቴስ ቭላክ ይላቸዋል፣ ማለትም የዛሬዎቹ ሩማንያውያን ዘመዶች። ሩማንያዎች ይህን ይዘው አይለቁም። "አሰን" የሚለው ስም ግን "እሰን" ከሚለው የቱርክ ቃል እንደመጣ ብዙዎች ይናገራሉ፣ ትርጉሙም ጤነኛ፣ ደህና እንደማለት ነው። ኩማኖች ደግሞ ከዳኑብ ማዶ እየመጡ አብረዋቸው ይዋጉ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ካሎያን በ1205 አድሪያኖፕል ላይ የላቲኑን (ቁስጥንጥንያን የያዙትን የመስቀል ጦረኞች) ንጉሠ ነገሥት ባልድዊንን የማረከው በኩማን ፈረሰኞች ጉልበት ነው፤ ሚስቱም ኩማን ነበረች። ይኸው ሰው ዘውድ ፈልጎ ከሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ ጋር ሲጻጻፍ ግን ጳጳሱ "አባቶችህ ከሮም ናቸው አሉ" ቢሉት ደስ ብሎት ተቀበለ። ማን ይጠላል!

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ቭላክም ኩማንም ቡልጋርም አብረው በሚኖሩበት አገር የተወለደ ሰው ከአንድ በላይ ዘመድ ይኖረዋል፣ ስም ብቻ ይዞ ዘር መቁጠር ደግሞ አያዋጣም። ዮሐንስ የሚባል ሁሉ ዕብራዊ ነው እንዴ? ካሎያን ራሱ እኮ በግሪክኛ "መልከ መልካሙ ዮሐንስ" ማለት ነው።

ኩማን ነው ብለን አፋችንን ሞልተን የምንናገርለት ቤት የለም?

አለ፣ ቴርተር። ቀዳማዊ ጊዮርጊስ ቴርተር ከ1280 እስከ 1292 ቡልጋሪያን ገዝቷል፣ የቤቱ ስም ቴርተሮባ ከሚባል የኩማን ጎሳ ስም ጋር ይገጥማል። ሞንጎሎች በ13ኛው መቶ ዘመን ሲመጡ ብዙ ኩማኖች ሸሽተው ባልካን ገብተው ነበር። ስለ ሰርቢያ ለጠየቃችሁኝ፣ የገዢዎቿ ቤት ነማኒቾች ስላቮች ናቸው። ግን ንጉሥ ሚሉቲን የዚህን የቴርተርን ልጅ አናን አግብቷል።

ድራኩላ ቱርክ ነው የሚባለው ቀልድ ነው አይደል?

ቀልዱ ሥር አለው። ድራኩላ የተባለው ቭላድ ከባሳራብ ቤት ነው። የዋላኪያው (የዛሬዋ ደቡብ ሩማንያ) ባሳራብ በ1330 ፖሳዳ ላይ የሃንጋሪን ንጉሥ ጦር ገደል ውስጥ አስገብቶ ፈጀው፤ ንጉሡ ያመለጠው ልብሱን ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ነው ይባላል። "ባሳራብ" የሚለው ስም ከኩማንኛ "ባሳር" እና "አባ" እንደተገጠመ ይታመናል፣ "አባ" እንደኛው አባት ነው። አባቱም ቶኮመር ይባል ነበር፣ እሱም የስላቭ ስም አይመስልም። ያም ሆኖ የሃንጋሪው ንጉሥ በደብዳቤው ባሳራብን "ከዳተኛው ቭላካችን" ይለዋል። ሰደበው፣ ኩማን ግን አላለውም። ቭላድ ጋ ስንደርስ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፣ ከስሙ በቀር ምን ይተርፋል?

ቡልጋሪያውያን ለምንድን ነው በዚህ ነገር የሚናደዱት?

ቡልጋሪያ ወደ 500 ዓመት በኦቶማን ሥር ኖራለች፣ "ቱርክ" የሚለው ቃል ብቻውን ቁስል ይነካል። በ1984 እና 85 ደግሞ የኮሚኒስቱ መንግሥት በአገሩ ያሉትን ቱርኮች "እናንተ ወደ ቱርክነት የተለወጣችሁ ቡልጋሪያውያን ናችሁ" ብሎ ስማቸውን በግድ ቀየረ። በ1989 ከ300 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቱርክ ተሰደደ።

በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን ዶብሩጃን የገዛው ባሊክ ስሙ "ዓሣ" ማለት ነው?

አዎ፣ በቱርክኛ ባሊክ ዓሣ ነው። በ1346 ለቢዛንታይን ንግሥት እርዳታ ጦር ሲልክ ሁለት ወንድሞቹን አስቀድሞ ሰደደ፣ አንዱ ቴዎድሮስ፣ ሌላው ዶብሮቲጻ። እንግዲህ ቁጠሩ፦ አንዱ የቱርክ ስም፣ አንዱ የግሪክ፣ አንዱ የስላቭ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች። አገሩ በኋላ የተጠራው በዶብሮቲጻ ስም ነው። ዶብሩጃ ማለት እኮ ዶብሮቲጻን ቱርኮች በራሳቸው አፍ ሲጠሩት ነው።